ገበያው ባልረጋበት ጊዜ ባጃጅ ልግዛ ወይስ ልቆይ? ለድሬዳዋ ገዢ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ገዝተው ብዙም ሳይቆዩ በኪሳራ የሚሸጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት በባጃጁ ምርጫ ሳይሆን ከግዢው በፊት ሊሠራ በሚገባው ሒሳብ ላይ ነው። ሹፌሩ በየማታው የሚያስገባውን ገንዘብ በሙሉ እንደ ትርፍ ይቆጥሩታል፤ ገንዘቡ ለአስቤዛ፣ ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ይወጣል፤ ሞተሩ የሚወርድበት ቀን ሲመጣ ግን ለጥገና የተቀመጠ ሳንቲም አይኖርም። ይህ መመሪያ በቁጠባ፣ በእቁብ ወይም በብድር አንድ ባጃጅ ገዝቶ ራሱ ለመንዳት ወይም ለሹፌር ለመስጠት ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሥሩ። ባጃጅ ለማየት የሚኬደው በስምንተኛው ደረጃ ላይ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ዕቃውን አስቀድሞ ያየና የወደደ ሰው ሒሳቡን ለወደደው ዕቃ እንዲመች አድርጎ ይሠራልና። ከዚህ በታች የሚገኙት የባጃጅ ዋጋ፣ የገቢና የወጪ ቁጥሮች ለማስላት እንዲያመቹ የተወሰዱ ምሳሌዎች ብቻ ስለሆኑ በየቦታው የራስዎን ቁጥር ያስገቡ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተር፣ ሁለት ሳምንት ጊዜ እና በዚህ ጊዜ ውስጥ ለማንም ደላላ ቀብድ ላለመክፈል መወሰን ነው።

ደረጃ 1፦ ገንዘቡን በሦስት ይክፈሉ

በእጅዎ ያለውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ መስመር ይጻፉና በሦስት ይክፈሉት።

ሀ. ባጃጁ ምንም ባያስገባ ቤተሰብዎ ለአራት ወር የሚኖርበት ገንዘብ።
ለ. የባጃጁ መጠባበቂያ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሞተር ጥገና እና የሦስት ወር ቋሚ ወጪ።
ሐ. ከእነዚህ ከሁለቱ የተረፈው። ለግዢ የሚውለው ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መስመር ላይ የቀረው ገንዘብ ለግዢው የማይበቃ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አይበደሩ። ብዙ ገዢዎች የመጠባበቂያውን ገንዘብ «ባጃጁ ራሱ በሁለት ወር ያስገባዋል» ብለው ለዋጋው ይጨምሩታል፤ ያገለገለ ባጃጅ ጉድለቱን የሚያሳየው ደግሞ አዲሱ ባለቤት በተረከበባቸው በእነዚያው ሁለት ወራት ውስጥ ነው።

ደረጃ 2፦ መስመሩን በዓይንዎ ይቁጠሩ

ባጃጁ የሚሠራበትን መስመር ይምረጡና ሁለት ሳምንት ሙሉ በተለያየ ሰዓት እየሄዱ ይመልከቱ። ቀፊራ ገበያ ጠዋት የሚታየው ሕዝብ ሳቢያን ሰፈር በስምንት ሰዓት ከሚታየው ጋር አይገናኝም። የድሬዳዋ የሥራ ቀን ለሁለት የተቆረጠ መሆኑን በሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡ፤ ከቀትር ጀምሮ ፀሐዩ እስኪበርድ ድረስ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ይይዛል፣ ባጃጁም ይቆማል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የቆጠሩትን የተሳፋሪ ብዛት በአሥራ ሁለት ሰዓት አያባዙ።

የሚቆጥሩት ሦስት ነገር ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ባጃጅ ሞልቶ ወጣ፣ ስንቱ ባዶውን ተመለሰ፣ ተራ የሚጠብቀውስ በአማካይ ስንት ደቂቃ ቆመ። ብዙ ሰው ተሳፋሪውን ብቻ ይቆጥራል፤ ገቢውን የሚወስነው ግን ተራ ጠባቂው ነው። ሰልፉ ረጅም ከሆነ የእርስዎ ባጃጅ የሚጨምረው ገቢ ሳይሆን ሰልፉን ነው።

ወራቱም አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ይመዝግቡ። በረመዳን የቀኑ ሥራ ቀዝቅዞ ወደ ማታ ይሸጋገራል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ክረምት የተማሪ ኮንትራት ይቋረጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን ከተማዋን ለጥቂት ቀናት ያደምቃል፤ በእነዚያ ቀናት የተገኘን ገቢ ግን የወሩ አማካይ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ወቅቱ የበዓል ከሆነ ቆጠራውን ወደ ተራ ሳምንት ያስተላልፉ።

ከዚያ ቢያንስ ሦስት ሹፌሮችን ያነጋግሩ፤ ባለቤቶችን አይደለም፣ በተለይም ባጃጁን ለመሸጥ የሚፈልግ ባለቤትን በጭራሽ። «በወር ስንት ይገኛል?» ብለው አይጠይቁ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምኞት ነው። «ወንድሜ፣ ትናንት ስንት አስገባህ? ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ቆምክ? ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

የማይሆን ሲሆን፦ ሹፌሮቹ ለመናገር ፈቃደኛ ካልሆኑ አንዱን ለግማሽ ቀን በኮንትራት ይያዙና እየሄዱ ይጨዋወቱ። የምትከፍሉት የኮንትራት ዋጋ የሚነግርዎ ነገር በሰልፉ ላይ ቆመው ከሚሰሙት ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ የወሩን ሒሳብ እስከ መጨረሻው መስመር ይሥሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ በአንድ ተቀምጦ መሠራት አለበት። ሹፌሩ ቤንዚኑን ራሱ ችሎ በቀን 700 ብር ያስገባል እንበል።

የሥራ ቀን፦ ሰው ሁሉ 26 ቀን ብሎ ይጀምራል። ከዚህ ላይ ለጥገና ሁለት ቀን፣ ሹፌሩ ለሚቀርበት አንድ ቀን፣ ለነዳጅ ሰልፍና ለሌላ እንቅፋት አንድ ቀን ይቀንሱ። 22 ቀን ይቀራል።
ገቢ፦ 700 ብር በ22 ቀን ሲባዛ 15,400 ብር።
ዘይት፣ ግሪስና መደበኛ ሰርቪስ፦ 1,200 ብር።
ለጎማና ለፍሬን በየወሩ የሚቀመጥ፦ 1,100 ብር።
ያልታሰበ ጥገና፦ 2,000 ብር።
የኢንሹራንስ፣ የቦሎ፣ የግብርና የማኅበር መዋጮ የዓመቱ ድምር ለ12 ሲካፈል፦ 1,500 ብር።
የማደሪያና የጥበቃ፦ 600 ብር።
ጠቅላላ ወጪ 6,400 ብር፤ የሚቀረው 9,000 ብር።

አብዛኛው ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ዘግቶ «በወር ዘጠኝ ሺህ» እያለ ይሄዳል። አይዝጉት። ባጃጁ በየቀኑ እያረጀ ነው፤ ያንን እርጅና በገንዘብ ካልለኩት የሚበሉት ትርፍ ሳይሆን ባጃጁን ራሱን ነው።

የመተኪያ ተቀማጭ፦ ባጃጁ 480,000 ብር ተገዝቶ ከአምስት ዓመት በኋላ 180,000 ብር ቢሸጥ የ300,000 ብር ልዩነት አለ። ይህ ለ60 ወር ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይሆናል። ከ9,000 ብር ላይ ሲቀነስ 4,000 ብር ይተርፋል፤ እውነተኛው ትርፍ ይህ ነው። በዓመት 48,000 ብር፣ ማለትም ካወጡት ገንዘብ አሥር በመቶ።

አሁን የዋጋ ንረቱን ያስገቡ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአዲስ ባጃጅ ዋጋ በእጥፍ አድጎ 960,000 ብር ቢገባ፣ የእርስዎም አሮጌ ባጃጅ በእጥፍ 360,000 ብር ቢያወጣ፣ «በ480,000 ገዝቼ አምስት ዓመት ሠርቼበት 360,000 ሸጥኩት» ብለው ይደሰቱ ይሆናል። ነገር ግን ያንኑ ሥራ ለመቀጠል የሚጎድልዎ 600,000 ብር፣ ለ60 ወር ሲካፈል በወር 10,000 ብር ነው። የወሩ ቀሪ ደግሞ 9,000 ብር ነበር። በብር ሲታይ ያተረፈ ሰው በባጃጅ ሲቆጠር በየወሩ 1,000 ብር ከስሯል ማለት ነው።

ገቢውም አብሮ ያድጋል የሚል መከራከሪያ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ማደጉም አይቀርም። ችግሩ የጊዜው ነው። መለዋወጫ ዶላር በተንቀሳቀሰበት ሳምንት ይወደዳል፤ ታሪፍ ግን የሚሻሻለው አስተዳደሩ ሲወስን፣ ተሳፋሪውም ሲለምደው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው መቶ ብር አልፏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር በላይ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በወጪና በታሪፍ መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ከኪሱ የሚሞላው ባለቤቱ ወይም ሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩ ሲከብደው ደግሞ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። ስለዚህ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ገቢው ከወጪው ጋር እኩል እንደሚያድግ፣ ሌላውን ለስድስት ወር ወደ ኋላ እንደሚቀር አድርገው ይሥሩ።

ራስዎ የሚነዱ ከሆነ ለሹፌር ይከፈል የነበረውን ድርሻ እንደ ባጃጁ ትርፍ አይቁጠሩት። እሱ የጉልበትዎ ደመወዝ ነው። ተቀጥረው የሌላ ሰው ባጃጅ ቢነዱም ያገኙት ነበር።

የማይሆን ሲሆን፦ የወሩ ቀሪ ከመተኪያው ተቀማጭ በታች ከወጣ በ«ያልታሰበ ጥገና» መስመር ላይ ያለውን ቁጥር ቀንሰው ሒሳቡን ለማስተካከል አይሞክሩ። መልሱ ተገኝቷል፤ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ መስመር አይገዛም።

ደረጃ 4፦ የክፉ ቀን ሒሳብ

የደረጃ 3ን ወረቀት ገልብጠው ሦስት ጉዳት ያድርሱበት።

አንደኛ፣ የዕለቱ ገቢ ወደ 550 ብር ይውረድ። 550 በ22 ሲባዛ 12,100 ብር፤ ወጪው ሲነሣ 5,700 ብር ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ዘይት፣ ጎማና ጥገና በግማሽ ይወደዱ። የ4,300 ብሩ ወጪ 6,450 ብር ይሆናል። ሁለቱ ጉዳቶች አንድ ላይ ሲደርሱ ቀሪው 3,550 ብር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ባጃጁ አርባ አምስት ቀን ሙሉ ይቁም። ይህ የተጋነነ አይደለም። ሞተር ወርዶ ሲሊንደርና ፒስተን እስኪገኝ፣ አደጋ ደርሶ ጉዳዩ በትራፊክ እስኪጣራ፣ የጸጥታ ችግር ተፈጥሮ መንገድ እስኪከፈት ወይም የአሠራር መመሪያ ተለውጦ ፈቃድ እስኪታደስ ድረስ ሊቆም ይችላል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ባጃጆች በአንድ ማስታወቂያ ከሥራ እንዲወጡ ተደርገው ነበር። የተወሰኑት በኋላ በተመደበላቸው አካባቢ ብቻ ተመለሱ።

ለእያንዳንዱ ጉዳት አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ፦ በዚያ ወር ባጃጁን ሳልሸጥ መቆየት እችላለሁ? በችግር ጊዜ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ሌላውም በሚሸጥበት ሳምንት ስለሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው። መጠባበቂያዎ ሦስቱን ጉዳቶች ተራ በተራ የሚችል ከሆነ ይለፉ። ሁለቱን ብቻ የሚችል ከሆነ የግዢውን ዋጋ ይቀንሱና እንደገና ይፈትኑ። አንዱን ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 7 ሄደው የመቆየቱን ክፍል ያንብቡ።

ደረጃ 5፦ የገንዘቡን ምንጭ ይመዝኑ

የራስ ቁጠባ፦ ከሁሉ ይሻላል፤ የደረጃ 1 ክፍፍል ከተጠበቀ ሌላ የሚባል የለም።

ብድር፦ ከ480,000 ብሩ ግማሹን፣ ማለትም 240,000 ብር፣ በዓመት 20 በመቶ ወለድ በሦስት ዓመት ለመክፈል ቢበደሩ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 8,900 ብር ይሆናል። በደረጃ 3 የወሩ ቀሪ 9,000 ብር እንደነበር ያስታውሱ። ለሦስት ዓመት ያህል ምንም አይተርፍም፣ ለመተኪያም አይቀመጥም፤ በክፉ ቀን ሒሳብ ደግሞ ቀሪው 3,550 ብር ስለሆነ በየወሩ ከአምስት ሺህ ብር በላይ ከሌላ ኪስ መምጣት አለበት። በእኔ ግምት ወርሃዊ ክፍያው ከመልካም ወር ቀሪ ሲሶውን ካለፈ ብድሩን መተው ይሻላል። አበዳሪውን ወለዱ ተለዋዋጭ ስለመሆኑ፣ ስለ አገልግሎት ክፍያውና ስለ ዋስትናው ይጠይቁ፤ በተለይ የቤተሰብ ቤት ለባጃጅ ዋስትና ሆኖ እንዳይያዝ ይጠንቀቁ።

ከወለድ ነጻ አገልግሎት፦ በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልዎታል። ጠቅላላ ዋጋው በውሉ ቀን ስለሚቆረጥ በኋላ የሚመጣ የወለድ ጭማሪ አያሰጋም። ይሁን እንጂ ወርሃዊ ክፍያው በደረጃ 4 ፈተና ማለፍ አለበት፤ ባጃጁ ቢቆምም ክፍያው አይቆምም።

እቁብ፦ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ተበዳሪ መሆኑን አይርሳ፤ የቀሩትን ዙሮች ከባጃጁ ገቢ ለመክፈል ያሰበ ሰው ደረጃ 4ን በዚያ ክፍያ ይሥራ። ዕጣው መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ደግሞ የባጃጁ ዋጋ በመካከሉ ሊሸሸው ስለሚችል እቁቡ ሲጀመር በነበረው ዋጋ አይተማመን።

ሽርክና፦ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ከሆነ ማን በማን ስም እንደሚያስመዘግብ፣ ጥገና ማን እንደሚፈቅድ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ዋጋው እንዴት እንደሚተመን በጽሑፍ ያስፍሩ። «እኛ መካከል ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል» የሚል ሸሪክ ካለ ጽሑፉ የበለጠ ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ፈቃዱን ከባጃጁ በፊት ያረጋግጡ

ወደ ከተማው የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ በአካል ይሂዱና የሚከተሉትን ይጠይቁ። አዲስ ባጃጅ ለአገልግሎት ይመዘገባል ወይ? በየትኛው ማኅበር ሥር? በየትኛው ቀጠና? ከሌላ ከተማ የመጣ ባጃጅ ታርጋ ቀይሮ መሥራት ይፈቀድለታል? ሐረር የተመዘገበ ባጃጅ በዋጋ ቢረክስም ድሬዳዋ ላይ የመሥራት መብት ይዞ አይመጣም፤ ሁለቱ የተለያዩ አስተዳደሮች ናቸው። መልሱን ከደላላ አይቀበሉ።

ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ የሚለውም እዚሁ ይወሰን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ያስታወሰ ሰው ነገ በባጃጅ ላይ ምን ይመጣል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ኤሌክትሪኩ ከነዳጅ ሰልፍ ይገላግላል፤ ወጪው ግን አልጠፋም፣ ባትሪው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ስለዚህ የባትሪውን ዓይነት፣ የመተኪያውን የዛሬ ዋጋ እና ዋስትናውን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የባትሪውን ዋጋ ለሚጠበቀው ዕድሜ አካፍለው በደረጃ 3 የወጪ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር፣ ድሬዳዋም ሙቀት የማያንሳት ከተማ እንደሆነች አይዘንጉ። መብራት በሚጠፋባቸው ሌሊቶች ባጃጁ ጠዋት እንደማይወጣ አድርገው ከሥራ ቀኑ ላይ ይቀንሱ።

ደረጃ 7፦ ውሳኔውን በወረቀት ላይ ይፈርሙ

አሁን ባጃጅ ሳያዩ ይወስኑ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የሚከፍሉትን ከፍተኛ ዋጋ፣ ውሳኔው የሚያገለግልበትን የመጨረሻ ቀን እና ከግዢው የሚያስቀርዎትን አንድ ምክንያት። ባለትዳር ከሆኑ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

«ነገ ይጨምራል» የሚለው ግፊት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ከሐምሌ 2016 በፊት የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ከገዛው ረክሶለታል። ይሁን እንጂ ዋጋው ጨመረ ማለት ሥራው አዋጪ ሆነ ማለት አይደለም። ባጃጁን የሚገዙት ለማስቀመጥ ሳይሆን ለማሠራት ከሆነ የሚፈርደው የደረጃ 3 የመጨረሻ መስመር ነው፤ ዋጋው ሲጨምር ያ መስመር ይጠባል እንጂ አይሰፋም።

ለመቆየት ከወሰኑ፦ መቆየትም ሥራ አለው። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ከሁለት ሻጮች የተመሳሳይ ባጃጅ ዋጋ ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ከጎኑም የአንድ ጎማና የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ይጻፉ። ሒሳቡን በየሦስት ወሩ በአዲሱ ቁጥር ያድሱ። ገንዘቡን ለዘመድ አያበድሩት፤ ከጥቁር ገበያ ዶላር ገዝቶ ማስቀመጥም ሕገወጥ ስለሆነ ከገንዘቡ በላይ ያስከፍላል። በባንክ ወለድ ወይም በወለድ ነጻ የኢንቨስትመንት ሒሳብ ቢቀመጥ የዋጋ ንረቱን ሙሉ በሙሉ ባያካክስም ኪሳራውን ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ ባጃጁን ይፈትሹ

መካኒኩን እርስዎ ይምረጡ፣ እርስዎ ይክፈሉት፤ ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ ምስክር ነው። ፍተሻውም በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።

1. ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይድረሱ። በእጅዎ ሲዳስሱት ሞቆ ካገኙት አስቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይቅጠሩ።
2. ሲነሣ ጭሱን ይመልከቱ። የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ባለ አራት ምት ሞተር ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ሲሆን በካርቡራተር ማስተካከያ ሊድን ይችላል። በአሮጌዎቹ ባለ ሁለት ምት ባጃጆች ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚቃጠል ጥቂት ጭስ የተለመደ ነው።
3. መካኒኩ የሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የመጭመቅ ኃይሉን፣ ይለካ።
4. ሦስት ሰው ጭነው ዳገት ያውጡት። ሞተሩ ጮሆ ባጃጁ ካልተጎተተ ክላቹ እየሸሸ ነው። ሐረርን በመሰለ ዳገታማ ከተማ ሲሠራ የኖረ ከሆነ ክላቹንና ፍሬኑን በእጥፍ ጥንቃቄ ያስፈትሹ።
5. በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፤ ያጥፉት፤ ወዲያው ያስነሡት። ሲሞቅ አልነሣም የሚል ባጃጅ ድሬዳዋ ላይ ሥራ የለውም።
6. መቀመጫውን አንሥተው፣ የመብራቱን ቤት ከፍተው፣ የፍሬኑን ታምቡር አስፈትተው ደረቅ ደለል ይፈልጉ። የደቻቱ ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ስለሚሞላ ጎርፍ የገባበት ባጃጅ ታጥቦ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። ደለል ከተገኘ ዋጋ አይደራደሩ፤ ይተዉት።
7. የሻንሲውን ብየዳ ይዩ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ፣ ተሳፋሪ ተጭኖ በመስመርዎ ላይ እስኪያልቅ ይነዳ። ሻጩ ይህንን ካልፈቀደ የባትሪውን ጉዳይ ነግሮዎታል።

የማይሆን ሲሆን፦ ጉድለት ሲገኝ የጥገናውን ዋጋ መካኒኩ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ጥገናው ሲደመር በደረጃ 7 ከፈረሙት ዋጋ ካለፈ «ትንሽ ነው» ብለው አይጨምሩ። ሌላ ባጃጅ አለ።

ደረጃ 9፦ ሰነዱንና ክፍያውን ይያዙ

ገንዘብ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሊብሬውን ይዘው ወደ ትራንስፖርት ቢሮው ይሂዱና በባጃጁ ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ቅጣትና ዕዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ቦሎው የታደሰ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ያልተቋረጠ ይሁን። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይጠይቁ፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ባጃጅ እርስዎ ባያውቁም ሊወረስ ይችላል፤ በዚህ አካባቢ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ ዕቃ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀውም ይኸው ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ፊርማ ይኑር። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ፊርማው ከጎደለ ሽያጩ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ካላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ።

በውክልና ብቻ አይግዙ። «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስሙን በኋላ ታዞራለህ» የሚለው አካሄድ የስም ማዞሪያውን ወጪ ለጊዜው ያስቀራል፤ ነገር ግን ሻጩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ቢሞት ደግሞ ውክልናው ይቀራል፤ እርስዎም ከወራሾቹ ጋር ይፋጠጣሉ። ውሉን በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ክፍያውን በባንክ ያስተላልፉ፤ የደላላውን ኮሚሽን መጠንና ከፋዩን ከድርድሩ በፊት ይቁረጡ።

ከዋጋው የተወሰነውን፣ ቢያንስ አሥር በመቶውን፣ ስም ዝውውሩ ሲጠናቀቅ እንደሚከፍሉ በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ሻጩ ሙሉውን ካልተከፈለኝ አልፈርምም ካለ የስም ዝውውሩ የሚፈጸምበትን ቀንና በዚያ ቀን ባይፈጸም የሚከፍለውን መቀጮ ያስጽፉ። ሁለቱንም እምቢ ካለ ውሉን ትተው ወደ ደረጃ 8 ይመለሱ። ዝውውሩ ተጀምሮ ከተጓተተ ባጃጁን ለሹፌር አይስጡ፤ በሌላ ሰው ስም ባለ ባጃጅ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ካሳውም ክርክር ውስጥ ይገባል፤ ቀሪውን ክፍያ ይዘው በውሉ የተጻፈውን ቀን ጠቅሰው ለሻጩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፣ የማስጠንቀቂያውንም ቅጂ ያስቀምጡ።